መሄድ የሚችል ሰው ለምን ይቀራል?

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ሴሚስተሩ ተጀመረ። ክፍሉ ያው ነው። መስኮቶቹ ቀለም ሲቀቡ ከፍሬማቸው ጋር ተጣብቀው ከቀሩ ወዲህ አይከፈቱም፤ ማርከሩ ደርቋል፤ እኔም ያው ነኝ። አዲስ ነገር ቢኖር ልጄ ሦስተኛው ረድፍ ላይ መቀመጧ ነው። ሌላ መምህር እንዲመድብላት የትምህርት ክፍል ኃላፊውን ለምኜው ነበር። "ሌላ መምህር የት አለ? ይህን ኮርስ ካንተ በቀር የሚፈልገው ሰው የለም" አለኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁም። የእሷን ወረቀት አብሮኝ ቢሮ የሚጋራው የስታቲስቲክስ መምህር ደግሞ እንዲያርመው ተስማማን።

ስም ስጠራ "አቤት፣ መምህር" አለችኝ። ጠዋት "አባዬ፣ ሹራብህን ገልብጠህ ነው የለበስከው" ያለችኝ ልጅ ናት።

በየዓመቱ የምለውን አልኳቸው። የአሰሳ ጽሑፍ ክርክር አይደለም። መልሱን የምታውቁትን ጥያቄ አታምጡብኝ። የማታውቁትን ይዛችሁ ተነሱ፣ ሰው ጠይቁ፣ አንብቡ፣ እያንዳንዱ ምንጭ ሐሳባችሁን እንዴት እንደለወጠው በተራ ጻፉ። መጨረሻ ላይ መልስ ካጣችሁ አጣን በሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አነሳ። ድርሰቱን ሁሉ "በጠቅላላው" ብሎ ስለሚጀምር ጓደኞቹ ጠቅላላው ይሉታል።

"የእኔ ጥያቄ ስፖርት ለጤና ይጠቅማል ወይ የሚል ነው።"

"መልሱን አታውቀውም?"

"አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ሌላው ሰው ላያውቅ ይችላል ብዬ ነው፣ መምህር።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን በየዓመቱ ይሄው ነው፤ መደምደሚያውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይመጡና ጥያቄ ያለብሱታል።

ረቡዕ፣ አንደኛ ሳምንት

ባለቤቴ ደብዳቤ ደረሳት። ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰችበትን ዘመን አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ትልቁ ሆስፒታል ለደም ባንክ ስልጠና ተቀብሏታል። ሁለት ዓመት ነው። በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ነው። ደብዳቤው ከደረሳት በአራት ሳምንት ውስጥ መልስ መስጠት አለባት፤ የሚጀመረው ሴሚስተራችን ሲያልቅ ነው።

ተነጋገርን። ያለውን ነገር አንድ በአንድ አስረዳኋት። እማማ አለች፤ እናቴን ቤቱ ሁሉ እማማ ነው የሚላት። ጉልበቷ ከታሰረ ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ አልወረደችም፤ መድኃኒቷን የሚሰጣት ሰው ያስፈልጋል። ልጃችን ገና ሁለተኛ ዓመት ናት። የእኔን ሥራ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ባለቤቴ ሰሃን እያጠበች ሰማችኝ። ስጨርስ "እንግዲህ ጨርሰናል፣ አይደል?" አልኳት።

"እሺ" አለች።

ጭቅጭቅ የለ፣ ኩርፊያ የለ። ባልና ሚስት እንዲህ ሲግባቡ ደስ ይላል።

ዓርብ፣ ሁለተኛ ሳምንት

ሌላ ከተማ ማተሚያ ቤት የሚሠራው የድሮ ጓደኛዬ ደወለ። አርታኢ ይፈልጋሉ። "ዘንድሮም አትመጣም?" አለኝ። "ቤተሰብ አለብኝ" አልኩት። ስልኩን ዘግቼ የተጣበቀውን የቢሮ መስኮት ለመክፈት ታገልኩ። የስታቲስቲክሱ መምህር፣ "እሱ መስኮት እኮ ሥዕል ነው" አለኝ።

ሐሙስ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ጥያቄዎቻቸውን ሰሌዳ ላይ አስጻፍኳቸው። እንቅልፍ ለምን ያስፈልጋል፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ጎጂ ነው ወይስ ጠቃሚ፤ ስፖርት ለጤና። ልጄ ተራዋ ሲደርስ በዚያች በምታምር ጽሕፈቷ ጻፈች፦

*መሄድ የሚችል ሰው ለምን ይቀራል?*

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት። እኔም ደስ አለኝ፤ መምህር እንደዚህ ያለ ጥያቄ በዓመት አንዴ ቢያገኝ ነው። "በጣም ሰፊ ነው ግን፣ አጥብቢው" አልኳት። "ከየት መሄድ? የትኛው ሰው?"

"አንድ ቤት ብቻ ብወስድስ፣ መምህር?"

"ጥሩ። አንድ ቤት በቂ ነው። በውስጡ ያሉትን ሁሉ ጠይቂ።"

ሌሎቹም ከእሷ እንዲማሩ ነገርኳቸው። ኮራሁ፤ መዋሸት አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

ባለቤቴ የእማማን መድኃኒቶች በቀለም ለይታ፣ የጠዋቱን ቢጫ የማታውን ሰማያዊ ወረቀት ለጥፋባቸዋለች። ላቦራቶሪ የኖረ ሰው ያስታውቃል። አሁን ማንም ሰው ሊሰጣት ይችላል።

ሰኞ፣ አምስተኛ ሳምንት

ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። አዲስ የማረሚያ መስፈርት መጥቷል። "ግልጽ አቋም" የሚል መደብ አለበት፣ "የመፍትሔ ሐሳብ" የሚል ሌላ መደብ አለበት። ጥያቄ የሚል መደብ የለበትም።

"ካንተ ተማሪዎች አንዱ እንኳን መልስ ይዞ አይወጣም?" አለኝ።

"መልሱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው የሚጽፈው ፍለጋ አይደለም" አልኩት። "ተማሪ 'አላውቅም' ማለትን እዚህ ካልተማረ የት ይማራል? ሳይጠይቅ የወሰነ ሰው እኮ በሰው ላይ ነው የሚወስነው።"

አነጋገሬ ለራሴም አማረኝ። ኃላፊው እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ሰማኝና "እናየዋለን" አለኝ። እናየዋለን ማለት እምቢ ማለት ነው፤ እንተዋወቃለን።

ቤት ስገባ ባለቤቴን አስቁሜ ያልኩትን ሁሉ ደገምኩላት። ኮቷን ሳታወልቅ ሰማችኝ። "ጥሩ ተናግረሃል" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ረቡዕ፣ አምስተኛ ሳምንት

የደብዳቤው መልስ ጊዜ ዛሬ አለፈ። ባለቤቴ አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት። እፎይ አልኩ። ነገሩ እንደዚያ ከባድ ነበር ማለቴ አይደለም።

ዓርብ፣ ስድስተኛ ሳምንት

የመጀመሪያው ረቂቅ ገባ። በክፍል ውስጥ "ግራ ስትጋቡ ግራ መጋባታችሁን ጻፉት፤ ነጥብ አለው" ብዬ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ሁለቱም ደርሶብኛል። ክፍሉ በሙሉ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግራ ተጋብቷል። "በዚህ ጊዜ እጅግ ግራ ተጋባሁ።" ጠቅላላው ደግሞ፣ "በጠቅላላው ግራ የተጋባሁ ቢሆንም ስፖርት ለጤና ጠቃሚ መሆኑን አረጋግጫለሁ" ይላል። ግራ መጋባት እንኳን በልክ ተሰፍቶ መጣልኝ።

የልጄን መጨረሻ ላይ አነበብኩት። ግራ ተጋባሁ አትልም። "ተጠያቂ ሀ" ያለቻት ሴት ላቦራቶሪ የምትሠራ ናት። እንዲህ ብላለች፦ "ደም ሳይ እውላለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ጉዳይ በእጄ ያልፋል። የራሴ ጉዳይ ግን በእጄ አልፎ አያውቅም። የሚናገር ሰው ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም።"

ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ብዙ ቆየሁ። እንደማንኛውም ተማሪ ላርማት ይገባል። ኅዳጉ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "የተጠያቂዋ አነጋገር ጥሩ ነው። ነገር ግን ምንጩ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ወገን አልተጠየቀም። 'አያውቅም' የሚለው ቃል ማጋነን ይመስላል፤ በማስረጃ ይደገፍ።" ሁለት ነጠላ ሰረዝም አርሜያለሁ።

ይቺ ሴት ማን እንደሆነች ማንም አይለያትም። ብዙ የላቦራቶሪ ሠራተኛ አለ።

ማክሰኞ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ዝናብ። ቢሮው ያፈሳል። የስታቲስቲክሱ መምህር ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ የልጄን ረቂቅ አንብቦ መለሰልኝ። ከዚያ ባርኔጣውን እያደረገ፣ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለኝና ወጣ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ሐሙስ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ባለቤቴ መኝታ ቤት ውስጥ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። "አይ፣ እሱ ጨርሰናል ብሏል... አዎ... እሱማ አለቀ።" ደስ አለኝ። በሰው ፊትም አንድ ቃል ነን።

የትልቁ ሻንጣ ዚፕ ተሰፍቷል። ለሦስት ዓመት ተበጥሶ ነበር። እንዲያው ዕቃ ማስተካከል ይዛለች።

ቅዳሜ፣ ስምንተኛ ሳምንት

የዛሬውን እንደምንም ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ሳሎን ገብታ የስልኳን መቅጃ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "ለቃለ መጠይቁ ፈቃደኛ ስለሆኑ አመሰግናለሁ" አለችኝ። በገዛ ሳሎኔ፣ በገዛ ልጄ፣ እርስዎ ተባልኩ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ዝምድናን በር ላይ አውልቃችሁ ግቡ ያልኳቸው እኔው ነኝ። ሌላው ወገን አልተጠየቀም ብሎ የጻፈም እኔው ነኝ።

"ከዚህ መሄድ ፈልገው ያውቃሉ?"

"የማይፈልግ ማን አለ? ማተሚያ ቤቱ በየዓመቱ ይጠራኛል።"

"ለምን ቀሩ?"

"ቤተሰብ አለብኝ። እናቴ አለች፣ ሚስቴ አለች፣ አንቺ አለሽ።"

"ከእነዚህ ውስጥ ቅርልን ያለዎት ማነው?"

"እሱ የሚባል ነገር አይደለም። ይታወቃል።"

"እንዴት ታወቀ?"

ይህችን ሁለት ቃል ለዘመናት በቀይ ቀለም በሰው ልጅ ወረቀት ላይ ስጽፋት ኖሬያለሁ። እንደዚህ እንደምትወጋ አላውቅም ነበር።

"ተጠያቂ ሀ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋት ያውቃሉ?"

"እሱን ጨርሰናል።"

"የጨረሰው ማነው?"

ተነሳሁ። "በቃ" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ እማማ ከክፍሏ "ምን ተሰበረ?" አለች። ልጄ ስልኳን አልዘጋችም። "አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፣ መምህር" አለችኝ። ጫማዬን ሳላስር ደረጃውን ወረድኩ። ብዙም አልራቅሁም። የሕንፃው በር ጋ ቆሜ ዝናብ ሳይ ቆይቼ ተመልሼ ወጣሁ። የት እሄዳለሁ?

የሰው ልጅ ላይ የማልጮኸውን በራሴ ልጅ ላይ ጮህኩ። ያውም ያስተማርኳትን ስለሠራች።

እሑድ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ባለቤቴ ጓዳ ጠርታ የጋዙን መዝጊያ አሳየችኝ። መጀመሪያ ከሲሊንደሩ፣ ቀጥሎ ከምድጃው። "ለምንድነው የምታሳዪኝ?" አልኳት። "ብታመምስ?" አለችኝ። ጤነኛ ናት። ሁለቴ አስደገመችኝ፣ እንደ ተማሪ።

ሰኞ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

ጠቅላላው ቢሮዬ መጣ። ስፖርትን ትቶታል። አጎቱ ሯጭ ነበር፤ አንድ ቀን ጫማውን ለጎረቤት ሰጥቶ አቆመ። "ለምን እንዳቆመ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም፣ መምህር። ሁላችንም የምናውቅ መስሎን ነበር። አጎቴን እንዴት ብዬ ልጠይቀው?" ዓይኑ ደፈራርሷል፤ አልተኛም። ግራ መጋባት ማለት ይሄ ነው። እንዴት እንደሚጠየቅ አስረዳሁት፦ አጠገቡ ተቀመጥ፣ መልሱን አታጉርሰው፣ ዝም ካለ አንተም ዝም ብለህ ጠብቅ።

ጥሩ አድርጌ አስረዳሁት።

ዓርብ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

ሁለተኛው ረቂቅ። እኔ "ተጠያቂ ለ" ሆኛለሁ። ያልኩትን ሁሉ አንድ ቃል ሳታጎድል አስፍራዋለች፤ ቁጣዬን ብቻ "ቃለ መጠይቁ በዚህ ተቋረጠ" ብላ በጨዋ ደንብ አልፋዋለች። "ተጠያቂ ሐ" እማማ ናት። ኮረብታ ላይ ሆኜ የራሴን ቤት በሌላ ሰው መነጽር ያየሁት ያህል ነው።

"እኔ የቀረሁት ልጄ ብቻውን እንዳይሆን ነው" ብላለች እማማ። "ሚስቱ ዝምተኛ ናት፣ እሱ ደግሞ የሚሰማው ካላገኘ አይሆንለትም። ሴት ልጄ ቤቷ መሬት ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም፤ በየዓመቱ ነይ ትለኛለች። እዚያ ብሆን ደጅ እቀመጥ ነበር። ግን ልጄ ምን ይለኛል?"

ወረቀቱን ይዤ ክፍሏ ገባሁ። አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮቱ የውሃ ታንከር ታያለች፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

"እማማ፣ እህቴ ጋ መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

"ማን ጠይቆኝ?"

"ይኸው፣ እየጠየቅሁሽ።"

"አንተ አልጠየቅኸኝም። የጠየቀችኝ ልጅቷ ናት፤ አንተ ያነበብከውን ነው የምትነግረኝ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሆድ ይፍጀው ብዬ ነዋ። አንተስ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚጠይቅ ስታስተምር ትውላለህ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።" ከዚያ እጄን ያዘችና፣ "በል መነጽሬን አቀብለኝ" አለችኝ። መነጽሩ አዲስ ነው። ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት አሠርታላታለች።

ለእናቴ ስል ባለቤቴን አስቀረሁ። እናቴ ለእኔ ብላ ቀረች። እኔ ለእነሱ ስል ቀረሁ። ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሆነ ቦታ ስህተት አለበት፤ የት እንደሆነ ግን አላገኘሁትም።

ረቡዕ፣ አሥረኛ ሳምንት

ኃላፊው ወሰነ። መደምደሚያና የመፍትሔ ሐሳብ የሌለው ጽሑፍ ከግማሽ በታች ይታረማል። እምቢ ልለው አስቤ ሄድኩ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ። የኮንትራት እድሳት ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እሱ አላነሳውም፣ እኔም አላየሁትም።

ሐሙስ፣ አሥረኛ ሳምንት

ለክፍሉ "መጨረሻ ላይ መልሳችሁን የሚናገር አንድ አንቀጽ ጨምሩ" አልኳቸው። ጠቅላላው አንገቱን ደፋ። ልጄ እጇን አነሳች።

"መልሱን ካላወቅሁስ፣ መምህር?"

"ገምቺ" አልኳት።

ገምቺ። ይህን ቃል ወደ አፌ የሚመልስልኝ ባገኝ።

ሰኞ፣ አሥራ አንደኛ ሳምንት

ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት አዲስ ልጅ እያለማመደች ስለሆነ አምሽታ ትገባለች። ቁም ሳጥናችን ውስጥ ቦታ በዝቷል። የክረምት ልብሷን አስቀምጣው ይሆናል። ገና ክረምት አልወጣም።

ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለተኛ ሳምንት

የመጨረሻው ጽሑፍ ገባ። ልጄ መደምደሚያ አልጨመረችም። እንዲህ ነው የምትጨርሰው፦

"ይህን ጽሑፍ ስጀምር፣ የሚቀር ሰው የሚቀረው የሚይዘው ሰው ስላለ ነው ብዬ አስብ ነበር። የጠየቅኋቸው ሁሉ የያዛቸውን ሰው ነገሩኝ። ያ ሰው ጋ ስሄድ ደግሞ እሱም ተይዣለሁ ይለኛል። ያዡን ፈልጌ አጣሁት። እኔም ራሴ ከቀሩት አንዷ ነኝ፤ የተቀበለኝ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር፣ እዚህ ይሻልሻል ተባልኩ፣ እሺ አልኩ። ለምን ይቀራል ለሚለው መልስ አላገኘሁም። ያገኘሁት ሌላ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ቤት ውስጥ ማን ማንን ጠይቆ ያውቃል?"

እዚህ ይሻልሻል ያልኳት እኔ ነኝ። በዚያን ቀን ፊቷን አላየሁትም፤ የመመዝገቢያ ፎቶ ኮፒ እያስተካከልኩ ነበር።

ተነስቼ መኝታ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ልብስ እያጠፈች ነበር። የመስኮቱ ብርሃን ፊቷ ላይ ነበር፤ ሽበቷ ጆሮዋ ጋ መቼ እንደወጣ አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የመልሱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷልና መጠየቁ የሚጎዳ ነገር የለውም ብዬ ነበር የጠየቅኋት። የምትለውንም አውቀው ነበር። "ይሁን፣ አልፏል" ትለኛለች፣ እኔም አዝናለሁ፣ ከዚያ ይቀለናል።

"ያን ስልጠና መሄድ ትፈልጊ ነበር?" አልኳት።

የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰች። የእኔ ሸሚዝ ነበር። ወደ እኔ በኩል አስቀመጠችው።

"እሄዳለሁ እኮ" አለች።

"እንዴት? መልሱ..."

"ልኬዋለሁ።"

"መቼ?"

"ጨርሰናል ባልከኝ ማግስት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትጠይቀኛለህ ብዬ" አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል እያልኩ ሰነበትኩ። መድኃኒቱን ስለጥፍ ይጠይቀኛል አልኩ። ሻንጣውን ሳሰፋ ይጠይቀኛል አልኩ። ጋዙን ሳሳይህማ፣ አሁንስ አይቀርም ብዬ ልቤ ሲመታ ነበር።"

"አሁን ጠየቅሁሽ።"

"አዎ" አለች። "ጠየቅኸኝ።" እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈችና ቀጣዩን ልብስ አነሳች። እማማ በግድግዳው በኩል ሰምታ ኖሮ፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች።

በጣም አዝኛለሁ። በማን እንደሆነ ግን አልለየሁም።

ማክሰኞ፣ አሥራ ሦስተኛ ሳምንት

ክፍል ገብቼ፣ "ደምድሙ ያልኳችሁን ተዉት፤ መልሱን ያላገኘ ሰው ያንን አንቀጽ ይሰርዘው" አልኳቸው። ወረቀታቸውን መለስኩላቸው። ልጄ የምትሰርዘው ስለሌላት እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ጠቅላላው አንቀጹን በሰያፍ ሰርዞ ሲያበቃ ከሁሉም በፊት አስረከበ። አጎቱ እስካሁን ዝም እንዳለ ነው፤ ግን አብረው መቀመጥ ጀምረዋል አለኝ።

ለኃላፊው ነገርኩት። "እናየዋለን" አለ። ይየው።

እሑድ፣ የመጨረሻው ሳምንት

ባለቤቴ ዛሬ ሄደች፤ የእህቴ ከተማ መንገዷ ላይ ስለሆነ እማማም አብራት ሄደች። ሁሉንም ያሰናዱት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ የእኔ ድርሻ እማማን በወንበር ከጎረቤቶች ጋር ሦስት ፎቅ ማውረድ ነበር። መሬት ስትረግጥ ቆም ብላ አየሩን ሳበች፤ ከዚያ፣ "ይሄን ያህል ቅርብ ነው?" አለች። አውቶቡሱ ውስጥ የመስኮቱን ወንበር ያዘች። ባለቤቴ ከጎኗ ተቀምጣ ለአንድ አፍታ አየችኝ። የምናገረው ብዙ ነገር ነበረኝ። "ስትደርሺ ምን እንደመሰለሽ ትነግሪኛለሽ?" ብቻ አልኳት። "እነግርሃለሁ" አለችኝ። ጥያቄ ስለነበር ደስ ያላት መሰለኝ። ምናልባት ለእኔ ስለመሰለኝ ብቻ ይሆናል፤ አልጠየቅኋትም።

ከልጄ ጋር በእግር ተመለስን። ቤቱ ሰፍቶ ጠበበኝ። ሻይ ካፈላሁ በኋላ እሷም ታውቀው ብዬ የጋዙን መዝጊያ ላሳያት ተነሳሁ። መጀመሪያ ከሲሊንደሩ፣ አልኳት።

"ቀጥሎ ከምድጃው" አለችኝ። "እማዬ ለእኔ ያሳየችኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ አባዬ።"

ሁለተኛው ሳምንት ጥያቄዋን ሰሌዳ ላይ ከመጻፏ በፊት ነው። ቆጠርኩት።

"መሄዷን ታውቂ ነበር ማለት ነው። መልሱን የምታውቂውን ጥያቄ ነው ያመጣሽው።"

"የእማዬን መልስ አውቅ ነበር" አለች። "የማላውቀው ያንተን ነው።"

ጓዳ ውስጥ ቆመን ቀረን። የእማማ በር ክፍት ነው፣ የመኝታ ቤቱ በር ክፍት ነው። የጓደኛዬ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ቤተሰብ አለብኝ ብዬ እምቢ የምልበት ምክንያት ዛሬ ጠዋት በአውቶቡስ ሄዷል።

"ቃለ መጠይቁ ሲቋረጥ የቀረሽ ጥያቄ ምን ነበር?" አልኳት።

"እነሱ ባይኖሩ እርስዎ ይሄዱ ነበር ወይ?"

መልሱን አላጎረሰችኝም። አጠገቤ ቆማ ዝም ብላ ጠበቀችኝ፣ እንዳስተማርኳት።

"አላውቅም" አልኳት።

ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ሻያችንን ይዘን ሳሎን ተቀመጥን።